የጭልፊቶቹ ድርሻ

የታወቀው የጥብስ ዶሮ ቤት ቅርንጫፍ ሐረር ሊከፈት ነው ሲባል ከተማው አበደ። እኔም አብሬ አብጃለሁ፤ ምን አስዋሸኝ። ድሬዳዋ ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጆቻችን ለአንድ ጥብስ ዶሮ ቁልቁለቱን በሚኒባስ ሲመላለሱ፣ ድሬዎች ሲስቁብን ነው የከረምነው። የእኔዋ ኑሀ የበላችበትን ካርቶን እንኳ አልጣለችውም።

ሥጋ ተራ ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ ሲከራዩት ግን ደስታዬ እሬት ሆነብኝ። ከዚያ ደጃፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሳምቡሳ ጠብሻለሁ፤ ኑሀን ያስተማርኳት በዚያች ምድጃ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሥራ አስኪያጅ፣ ብሩክ የሚባለው፣ ምድጃሽ የድርጅቱን ስም ያበላሻል ብሎ አስነሳኝ። የት ትገባለች አላለም። ምድጃዬን ይዤ ከተማውን የከበበው ግንብ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደንበኛም ጠፋ።

ወንበሮቹን ደጅ ሲደረድር ግን አላስቻለኝም። ቂም ብይዝበትም እንግዳ ነውና ሄጄ፣ እዚህ ጭልፊት አለ፣ እኛ ሥጋ ገዝተን የምንሄደው ብብታችን ሥር ሸሽገን ነው አልኩት። ሳቀብኝ። በሁሉም ቅርንጫፋቸው ወንበሩ ደጅ ነው አለ። እንግዲህ ታየዋለህ ብዬ ተውኩት።

የምረቃው ቀን ግማሽ ሐረር ለብሶ ወጣ። የመጀመሪያው ትሪ ብቅ ከማለቱ ጭልፊቶቹ ወረዱ። ወላሂ፣ የአንዱን ሹም ዶሮ ከከንፈሩ ነው የነጠቁት! ሴቱ ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ ወንዱ ትሪ አናቱ ላይ ደፋ። እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ አንጀቴ ራሰ።

ብሩክ ላብ አጥምቆት እየሮጠ መጣ።

«እናቴ፣ እርስዎ ነግረውኝ ነበር። ምን ላድርግ?»

አንቺ ሲለኝ የከረመው ልጅ ነው። ልተወው አሰብኩ፤ ግን ይሄን ድሬ ከሰማች አለቀልን። ዞር ብዬ ባይ ሥጋ ተራው ጭር ብሏል። ለካ ባለ ሥጋዎቹ ሁሉ ሱቃቸውን ዘግተው ምረቃው ላይ ናቸው! ሁልጊዜ ጠዋት ቢላዋ ከመያዛቸው በፊት ለጭልፊቶቹ ድርሻቸውን ይወረውሩ ነበር። የዚያን ቀን የወረወረ የለም።

ባለ ሥጋውን ጎረቤቴን ነስሮን ከወንበሩ ጎትቼ አስነሳሁት። ሱቁን ከፍቶ የሳንባ ቁራጭ ወደ ላይ ሲበትን ጭልፊቱ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሰው ከጠረጴዛ ሥር ወጣ፤ ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፣ አሉ ሽማግሌዎቹ። አልሐምዱሊላህ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ብሩክ ምን ላድርግልዎት አለኝ።

«ምድጃዬን አምጣልኝ።»

«የት ላስቀምጠው?»

«ከቆምክበት።»

ራሱ ተሸክሞ አመጣው፤ ነጭ ሸሚዙ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ። የድርጅቱን ስም ያበላሻል የተባለው ምድጃ ከስማቸው ሥር፣ በሩ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ሳምቡሳ የገዛኝም እሱ ነው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ብብቱ ሥር ሸሽጎ ገባ።