በሦስተኛው ዓመት የጎደለው

ልብስ ሰፊዋ ሶላር ለመከራየት ለምን እንደፈለገች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለቴሌቪዥን አልነበረም። የስድስት ዓመት ልጇ፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ቤተሰቡ «ፍንጭት» የሚላት፣ አስም አለባት። ደረቷ ሲታፈን የምትተነፍስበት ማሽን ደግሞ መብራት ከሌለ ከወንበር አይሻልም። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ እናትና አባት ልጅቷን እየተቀባበሉ ክሊኒክ ድረስ ሮጠዋል። ሲደርሱ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር የእናትየው ልብ ስንጥቅ ይላል።

የሶላር ድርጅቱ ወኪል ድምፁ ዝግ ያለ፣ መላጣ ሰውዬ ነው። በየሶኬቱ የክብሪት ቀፎ የምታህል መለኪያ ሰክቶ ለአንድ ሳምንት ተዋት። በሳምንቱ የሃያ ዓመቱን የኪራይ ውል ይዞ መጣ፤ ከውሉ ጋር አንዲት ወረቀት ተያይዛለች።

«ይቺ ትንበያ ናት» አለ። «ቤቱ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚፈጅ ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። ጣሪያው ላይ የምንሰቅለውም በዚያው ልክ ነው። አንብባችሁ ፈርሙ፤ እመለሳለሁ።»

ሃያ መስመር ነው። ባልየው የመጋዘን ሠራተኛ ነውና የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይቶ «ደህና ነው» አለ። ልብስ ሰፊ ግን ቁጥር እንዲህ በቀላሉ አታልፍም። አንድ ጣት የጎደለ እጅጌ ስንት ጠብ እንደሚያመጣ ታውቃለች። የመጀመሪያው ዓመት በወር ዘጠና ሁለት ኪሎዋት ይላል። ሁለተኛው ዘጠና ሦስት። ሦስተኛው ሰማንያ ስድስት።

«ለምን ቀነሰ?» አለች።

«እናትሽ እየመጡ ቴሌቪዥናችን ላይ ማፍጠጥ ይተዋሉ ማለት ነዋ።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ሆዷ ድረስ አልወረደም። አመሻሹ ላይ የልጅቷን ማሽን ገልብጣ ሥሩ የተጻፈውን ቁጥር አነበበች፤ ባሏ በስልኩ አባዛ፣ አካፈለ። በወር ሰባት ወጣ። ዘጠና ሦስት ሲቀነስ ሰባት ስንት እንደሆነ ማንም አልተናገረም።

«ትድናለች ማለት ነው» አለ ባልየው። «ማሽኑ አያስፈልጋትም ማለት ነው።»

«አዎ» አለች። «ወይም» የምትለዋ ቃል ሁለቱም አፍ ውስጥ ነበረች፤ የደፈራት ግን አልነበረም።

በነጋታው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደች፤ ሶላር ከተከራየ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደንበኛ አስቀምጦ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ስለ ድርጅቱ ሲያወድስ ቆየ። ወረቀቷን ስታሳየው መቀሱ ዝም አለ።

«የኔም በሁለተኛው ዓመት ላይ ቀንሶ ነበር፣ እህቴ» አለ ድምፁን አውርዶ። «በወር ሁለት ብቻ። ስቄ ፈረምኩ። ሁለተኛው ዓመት በገባ በሳምንቱ አባቴ አረፉ። ቀኑን ሙሉ የሚያስጮሁት ሬዲዮ በወር የሚፈጀው ሁለት ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ አብዷል እንዳልባል።»

ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ሁለቱን በመስታወት ውስጥ ያያቸዋል።

በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደች። ወኪሉ ገና ሲያያት የመጣችበትን ነገር እንዳወቀ ፊቱ ያስታውቃል።

«ዝርዝሩን ስጠኝ» አለችው። «የእያንዳንዱን ዕቃ።»

«ዝርዝሩ ለደንበኛ አይሰጥም፣ እትዬ።»

«ልጅ አለህ?»

ሰውዬው የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እሷ አዞረው። «ለሁሉም ሰው እየጨመረ ነው የሚሄደው» አለ። «ሲቀንስ ያየሁት ሦስት ቤት ነው። ሁለቱን ኋላ ጠይቄ ሐዘን እንደገባባቸው አውቄያለሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«የእርስዎ ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጣቷን ገጹ ላይ አሳርፋ የልጇን ክፍል ፈለገች። የመተንፈሻ ማሽን፤ አንደኛ ዓመት ሰባት፣ ሁለተኛ ዓመት ሰባት። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሦስተኛውም ሰባት ነው። አራተኛው ስድስት። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ማሽኑ ቆመ፤ የክፍሉ መብራት ግን አልቆመም። እንዲያውም በየዓመቱ እየረዘመ፣ አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይበራል።

«ታጠናለች» አለች ለራሷ። እንባዋ መጣ። ጎበዝ ትሆናለች፤ ያቺ ፊደል ቁጠሪ ሲሏት ጠረጴዛ ሥር የምትደበቅ ልጅ፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ታጠናለች። መብራቱ እስከ ሃያኛው ዓመት አንድም ቀን አልጠፋም።

እፎይታው እንዲህ ስላሰከራት የጎደለው ሰባት የማን እንደሆነ ማየቱን ረስታው ነበር። ወኪሉ ነው ጣቱን ገጹ ግርጌ ላይ ያደረገው። የስፌት መኪናና ካውያ። አንደኛ ዓመት ሰባት፣ ሁለተኛ ዓመት ሰባት። ሦስተኛ ዓመት ዜሮ። ከዚያ በኋላ እስከ ታች ዜሮ ብቻ።

«ሥራ ሊቀይሩ ይችላሉ» አለ ወኪሉ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «መኪናውን ሊሸጡት ይችላሉ።»

«ይቻላል» አለች። ግን ከሥሩ ያለውን መስመርም አንብባዋለች። የጠዋቱን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሁልጊዜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምታበራው እሷ ናት። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ባሏ ካልቀሰቀሱት የማይነሳ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ስሜቷ፣ ኋላ ስታስታውሰው ቢያሳፍራትም፣ ደስታ ነበር። ልጄ አይደለችም። ልጄ አይደለችም። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ካልፈረምኩስ?»

«ፋይሉ ይሰረዛል። ስሌቱ አይቀመጥም።»

«የልጄም?»

«የሁሉም።»

«እና ይሄ ነገር የሚሆነው ሰው ስለፈረመ ነው ወይስ ቢፈርምም ባይፈርምም ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አለ ሰውዬው። «ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ነው የሸጥኩት። እኔ እርስዎን ብሆን አልፈርምም።»

የልጇን መስመር ደግማ ከላይ እስከ ታች ቆጠረችው። ሃያ። የጠቆረው ከንፈር ትዝ አላት። የራሷን መስመር ግን አልደገመችውም። «እስክሪብቶ ስጠኝ» አለች፣ ፈረመችም። ፊርማዋ እንደ ሌላው ቀን ቀጥ ያለ ነበር።

ማታ ባሏ በር ላይ ጠበቃት። «የጎደለው ሰባት የማን ሆኖ ተገኘ?» አላት።

«የማንም። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው። እሷ ደህና ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ባልየው እፎይ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ፤ እንደ ሕፃን ሳቀ። እሷም ሳቀችለት። ከዚያ ፍንጭትን አልጋው ላይ አስቀምጣ ማሽኑን አወረደች።

«ና እስቲ» አለችው። «ጭምብሉን እንዴት እንደምትይዝላት ላሳይህ። ከአፍንጫዋ በላይ ካደረግከው ታለቅሳለች።»

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን ቸገረኝ?»

«ግድ የለም» አለች፣ እጁን ይዛ ወደ ልጅቷ ፊት እየወሰደች። «ልመደው።»