ከእጇ የማይበላው ውሻ

ጉበቱን ከሩዝ ጋር አብስላ፣ አብርዳ፣ ጨው ሳታስነካው አቀረበችለት። ውሻዋ አለቃ አየው። ምራቁ ከከንፈሩ ጥግ ተንጠባጠበ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ብላ!» አለችው።

ውሻው ጆሮውን ከራሱ ጋር አጣብቆ ጅራቱን ሆዱ ስር ሸጎጠ። የጠዋቱ ምግብ አጠገቡ ባለው ሳህን ላይ ደርቆ ጉንዳን ወሮታል። የትናንቱንም የጨረሰው ጉንዳን ነው።

«እዚህ ቤት ከኔ እጅ የሚበላ ጉንዳን ብቻ ነው» አለች ለራሷ። ሳህኑንም በንዴት ደፋችው።

ጎረቤታቸው ጎሚስታው፣ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ የጎማ ጥቀርሻ የለበሰው፣ አጥሩን ተደግፎ ያያታል።

«ዛሬም አኮረፈ?»

«ዛሬም።»

«ይህን ያህል የተማረ ውሻ አይቼ አላውቅም። እንደው ዲግሪ ቢሰጠው ምናለ?»

«ለአስተማሪው ስጥልኝ» አለችና ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው።

አስተማሪው አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመጋዘን ኃላፊነት ጨርሰው ጡረታ ቢወጡም መጋዘኑ ከእሳቸው አልወጣም፤ የስኳሩን ቁም ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ከአለቃ በፊት የነበረውን ውሻቸውን ሌቦች መርዝ ያለበት ሥጋ በአጥር ወርውረው ገድለውባቸዋል። ጠዋት ሲወጡ አፉ አረፋ እንደደፈቀ ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ አገኙት። የተወሰደው ንብረት አንድ አሮጌ ብስክሌት ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ወደ ውሻ የተዘረጋ እጅ ሁሉ ለእሳቸው የሌባ እጅ ሆነ።

አለቃን ወደዚህ ቤት ያመጣችው ግን ምራቲቱ ናት። ልብስ በምትተኩስበት ላውንደሪ ጀርባ፣ እንፋሎቱ በሚወጣበት ሙቅ ጥግ፣ ባለቤት የሌላት ውሻ ወልዳ ነበር። ከቡችሎቹ መካከል ደፋሩን መርጣ፣ በልብስ ቅርጫት ውስጥ አንሶላ አልብሳ፣ ለአማቷ ኀዘን ማስረሻ ይሁን ብላ አመጣችው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የተኛው እግሯ ስር ነው። ወተት በጣቷ እየነከረች ያጠባችውም እሷ ናት።

አማቷ ወደዱት። «ይሄን እንኳ ማንም አይገድልብኝም» አሉ። አበላሉንም ያውቁበታል፤ ይሄ አይካድም። ሽንኩርት አያስነኩትም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደጃቸው አይደርስም፤ የሚበላበት ሰዓት አይዛነፍም። ጸጉሩ እንደተወለወለ ጫማ ያበራ ነበር። ትምህርቱን ግን የሚሰጡት እንዲህ ነው። ምራቲቱ ከሥራ ስትመለስ ጠብቀው ቁራጭ ሥጋ ያስይዟታል። «ዘርጊለት» ይሏታል። ትዘረጋለች። ቡችላው እጇን ስለሚያውቀው መላ ሰውነቱን እያወዛወዘ ይመጣል። አፉ ሥጋውን ሊነካ ሲል አማቷ ከጀርባቸው የያዙትን አርጩሜ አፍንጫው ላይ ያሳርፉታል። ሲያላዝን ቆይቶ ዝም ሲል፣ ያንኑ ሥጋ ተቀብለው መሬት ላይ ያስቀምጡና «የኔ ጀግና» እያሉ ያበሉታል።

«እማማ፣ ለምን በሌላ ሰው አይሞክሩትም?» ብላ ነበር አንዴ።

«ማንን ላምጣ? አንቺን እምቢ ካለ የማንንም አይበላም።»

ለባሏ ነገረችው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል ቤቱ ውስጥ ጩኸት አይወድም። «ውሻ አይደል፣ ይረሳዋል» አላት። «ለቤቱ ሰላም ስትይ ቻይው።» ቻለችው። ውሻው ግን አልረሳውም። እየቆየ ሲሄድ ባዶ እጇን ስትዘረጋም ይሸሻት ጀመር። አማቷ ይህን አይተው ፈገግ አሉ። «አሁን ተማረ» አሉ።

እነሆ አማቷ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። የሚወጡበትን ቀን ሐኪሞቹም አያውቁትም። አለቃ ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱን ይጠብቃል። ባሏም ሞክሮለት ነበር፤ የሱንም አልቀመሰም።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ድዱን ገልጦ አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ።

«አልታመመም» አለ። «እንዲያውም በደንብ የተያዘ ውሻ ነው። ማን ነው የሚያበላው?»

«ሆስፒታል የተኙ ሰው።»

«ውሃ ይጠጣል?»

«ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን ይልሳል። እኔ የቀዳሁለትን አይነካም።»

«እንግዲያው ጊዜ አለሽ፤ ግን ብዙ አይደለም። ይኸው ጎኑ መቆጠር ጀምሯል። እንዳታስገድጂው። አፉን ፈልቅቀሽ ካጎረስሽው ዳግም አያምንሽም። እጅሽን አትዘርጊለት፣ ዓይኑን አትዪው። እንደ ቡችላ ከመጀመሪያው ጀምሪው።»

«ከመጀመሪያውማ ጀምሬው ነበር» አለች ምራቲቱ።

በማግስቱ ሾርባ በምሳ ዕቃ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። አማቷ በጀርባቸው ስለሚተኙ ራሳቸውን ችለው መብላት አይችሉም። ፎጣ አገጫቸው ስር አድርጋ በማንኪያ ታጎርሳቸው ጀመር።

«አለቃ እንዴት ነው?»

«እየሞተ ነው።»

«አይሞትም። እኔ እስክመጣ ይጠብቃል።»

«አይቆይም፣ እማማ። የሚበላበት ቃል ካለ ይንገሩኝ። ቃልም ባይሆን ምልክት።»

«የለም።»

«እንዴት አይኖርም?»

«ለሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ምን ቁልፍ ይባላል? ቃል ቢኖረው ሌባውም ይሰማው ነበር።» ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። «ነገ ሾርባው ላይ ትንሽ ጨው ጨምሪበት፤ አልጫ ሆኗል።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እርስዎ አሁን ከእጄ ሲበሉ አፍንጫዎን ማን መታዎት?»

አጠገባቸው ባለው አልጋ የተኙት፣ እግራቸው በጀሶ የታሰረ ሴትዮ ሳቅ አመለጣቸውና በሳል አስመሰሉት። አማቷ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ምን አልሽኝ?»

«ሰምተውኛል። ሌባ ማምጣት ሲያቅትዎ ምራትዎን ሌባ አደረጓት። በጣቴ ያጠባሁትን ውሻ ‹ይቺ እጅ ታስመታሃለች› ብለው አስተማሩት። ሥጋውን ይዤ የቆምኩት እኔም ሞኝ ነኝ። ግን ከሞተ የገደልኩት እኔ አይደለሁም። ይሄን እዚሁ ይወቁልኝ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው አለ።»

«ይኑር!»

አማቷ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ቁልፉን ነርሶቹ አውልቀውት ስለነበር የሚነካ ነገር አላገኙም።

«በስልክ ላናግረው» አሉ። «ድምፄን ከሰማ ይበላል።»

ባሏ ከሥራ ሲገባ ለእናቱ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ከሳህኑ በላይ ያዘው። እሷ ጠዋት የወጣችው ሳትበላ ስለነበር አንድ ዳቦ ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«አለቃ! የኔ ጀግና! ብላ እሺ? ብላልኝ!»

ውሻው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ስልኩን አሸተተ፤ ከስልኩ ጀርባ ፈለገ፤ ከባሏ ጀርባ ፈለገ፤ እስከ ውጪው በር ሮጦ ተመለሰ። ከዚያ ሳህኑ ጋ ቆመና አፉን ከፈተ። ሊበላ ሲል ግን ዓይኑን ወደ ምራቲቱ ላከ፤ ወደ ፊቷ ሳይሆን ወደ እጇ። አፉን መልሶ ዘጋ። ዓይኑንም ጨፈነና አንገቱን ቀብሮ ቆመ።

«በላ?» አለ ስልኩ። «በላልኝ ወይ?»

ስልኩን ከባሏ እጅ ነጥቃ ዘጋችውና ለውሻው ጀርባዋን ሰጥታ ከባሏ ፊት ቆመች።

«ምነው ዘጋሽባት?»

«አየኸው አይደል? ዓይኑን ሲጨፍን አየኸው? ዱላውን እየጠበቀ ነው እኮ!»

«እሷም ለቤቱ ብላ ነው…»

«ለቤቱ! ለአንድ አሮጌ ብስክሌት!» ዳቦውን በያዘችበት እጇ አየሩን ቀዘፈችው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላሉ። ይሄኛው በበላበት የተገረፈ ነው፤ የት ሄዶ ይጩህ?»

«ቀስ በይ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ጎሚስታው ሲስቅብኝ አይደል የከረመው? አንተስ የት ነበርክ? በነገርኩህ ቁጥር ይረሳዋል፣ ይረሳዋል! አንድ ቀን ወጥተህ አይተኸዋል? መልስልኝ፣ አይተኸዋል?»

ባሏ በትከሻዋ በላይ አሻግሮ ያያል፤ ዓይኑ ፈጥጧል።

«አትዙሪ» አለ በሹክሹክታ።

እጇ ላይ የነበረው ዳቦ በንዴቷ ተፈርፍሮ ግማሹ ከኋላዋ ወድቋል። ከጀርባዋ የማላመጥ ድምፅ ሰማች። ሐኪሙ ያላት ትዝ አላትና አንገቷን ገትራ ዝም አለች። ማላመጡም ቆመ።

«ዝም አትበይ!» አለ ባሏ። «ስትጮሂ ነው የሚበላው። እሱን ስትረሺው። ቀጥዪ!»

«ምን ልበል?»

«ደስ ያለሽን! ስደቢኝ!»

ከዳቦው ቆረሰችና ወደ ኋላዋ ጣለች። «አንተ ልፍስፍስ!»

«በላ! ሌላ!»

«አንተ የእናትህ ሻንጣ! ባስቀመጠችህ ቦታ የምትቀመጥ! አንተ በር ላይ የተንጠለጠለ ካፖርት!»

ባሏ ሳቁ መጣ፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን ዳቦው ገና ነበር፤ ንዴቷም እንዲሁ።

«ብቻዬን ልለፍልፍ? መልስልኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«የጠየቅኩህን። አይተኸው ነበር ወይ?»

የባሏ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «በመስኮት። ቀድሜ የገባሁ ቀን ሁሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አይ ነበር።»

እጇ ቆመ። ይህን ሁሉ ጊዜ አያውቅም ብላ ነበር፤ ቢያውቅ ኖሮ ይወጣ ነበር ብላ ነበር። በዚያ ነበር የቻለችው። የቀረውን ዳቦ ፊቱ ላይ ልትወረውረው ቃጣት። ከኋላዋ አለቃ በስሱ ተነፈሰ፤ እየጠበቀ ነው። ዳቦውን ቆረሰችና ወደ ኋላዋ ጣለች።

«ቀጥል» አለች፤ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል። «እየበላ ነው። ለምን እንዳልወጣህ ንገረኝ።»

«ከወጣሁ ከሁለታችሁ አንዳችሁን መምረጥ ሊሆንብኝ ነው።»

«መርጠሃል እኮ» አለች።

ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ እንዲያ ቆሙ። እሱ የሚያስረዳ መስሎት ይናገራል፤ እሷ ሳትመልስ ትቆርሳለች። ውሻው ከኋላዋ ይበላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታው ታበላው ጀመር። ቆየት ብላ ጎኗን ሰጠችው፤ ሳህኑን ወደ ጉልበቷ አስጠጋች። ከብዙ ትዕግሥት በኋላ አንድ ጠዋት፣ መሬት ተቀምጣ ወደ አጥሩ እያየች ሳለ፣ እርጥብ አፍንጫ መዳፏን ነካት። ጎሚስታው ከአጥሩ ማዶ ጎማውን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው አጣ። ባሏን ግን ሰላም አላለችውም። ራቱን ታቀርብለታለች፤ ስለ ውሻው ከጠየቃት ትመልስለታለች። በቃ።

አማቷ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዘው ተመለሱ። ግቢ ውስጥ ወንበር ተደረገላቸው። አለቃ አበደ፤ እጃቸውን ላሰ፣ ጫማቸውን ላሰ፣ ግቢውን ዞሮ መጥቶ እንደገና ላሰ። አማቷ እንባቸው መጣ። በዚህ መሀል ምራቲቱ ሳህኑን ይዛ ወጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ መዳፏን ዘረጋች። አለቃ ሄዶ ከመዳፏ በላ።

የአማቷ ፊት ጨለመ።

«አበላሸሽብኝ።»

«አዎ።»

«ነገ ሌባ ሥጋ ሲወረውርለትስ?»

«ማታ ቤት ውስጥ ያድራል። አጥሩም ከፍ ይላል። ሌላም መላ ካለ አብረን እንፈልጋለን፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል። በእጄ ግን አይሆንም።»

«አንዴ ብቻ ዱላ ቢቀምስ ይመለስለታል» አሉ አማቷ። ክፋት አልነበረበትም፤ የጠፋ ነገር ወደ ቦታው እንደሚመልስ ሰው ነበር ያሉት። ምርኩዛቸው ከመሬት ተነሳ።

በሩ ተከፈተ። ባሏ እየሮጠ ወጥቶ ምርኩዙን አየር ላይ ያዘው።

«በቃ፣ እማዬ። በቃ።»

አማቷ ልጃቸውን አዩት፤ እንደማያውቁት ሰው። እሱ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ አንድ ነገር ትለዋለች ብሎ የጠበቀ ይመስላል።

«ዘገየህ» አለችው።

ከዚያ የቀረውን ሥጋ በቀኝ መዳፏ ላይ አድርጋ ለአለቃ ዘረጋችለት። ውሻው መጣና በጥንቃቄ፣ ጥርሱን ሳያስነካት፣ እየለቀመ በላ። ጸጉሩ እንደገና ማብራት ጀምሯል። ሲበላ ግን ዓይኑ ሥጋው ላይ አልነበረም፤ ዱላ ይመጣበት እንደሆነ እስኪጨርስ ድረስ ባዶ ግራ እጇን ያይ ነበር።