ስድስተኛው ደረጃ

ንፋስ መውጫ ከተማ መብራት የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ነው። ትርሲት እስኪረጋ እንኳ አልጠበቀችም፤ ቴሌቪዥኑን ከፈተች፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ሰካች፣ ቴፑን አስጀመረችና እጇን አጣምራ ጠበቀች። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች መሮጥ ነበረባቸው። አልሮጡም። ከቴፑ የወጣው የአባቷ የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ድምፅ ነው፤ ድጓ ያዜማሉ።

መጀመሪያ የተሳሳተ ካሴት የከተተች መሰላት። አውጥታ አየቻት። የራሷ ናት፤ የራሷ እጅ ጽሑፍ አለባት። መልሳ ከተተቻት፤ መሪጌታም ካቆሙበት ቀጠሉ።

ነገሩን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ከቁልፎቹ ሰሌዳ ሌላ አካል የለውም፤ ዕድሜው ከትርሲት ዕድሜ ይበልጣል። ዱሮ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ትቶት ሄዶ፣ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተገኘ፤ አይሲቲ የምታስተምረው እሷ ስለሆነች «ውሰጂው፣ ቦታ አጣበበ» አሏት። ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ፕሮግራሙን የሚያነበው ከካሴት ነው። ያኔ ፕሮግራም ማለት ድምፅ ነበር፤ በተራ ቴፕ ለሰማው ሰው ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ነው።

አብሮት የተገኘው አንድ ጌም ብቻ ነበር። ወፎች ከላይ ይወርዳሉ፣ ተጫዋቹ ከታች ሆኖ ይተኩሳል። አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል፤ ሁልጊዜ፣ ያለ ምሕረት። ትርሲት ጌሙን የሠራውን ሰው በስም አታውቀውም፤ ቢሆንም ሁለት ዓመት ሙሉ ስትረግመው ኖራለች። የገዛ ሥራውን አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው ሳይጫወት አሽጎ የሸጠ ሰው ከመርገም ሌላ ምን ይገባዋል? በቴሌግራም ያገኘቻቸው፣ በየአገሩ አሮጌ ጌም የሚጠግኑ ሰዎችም ከአምስተኛው ያለፈ እንደሌለ ነግረዋታል።

እሷ አለፈች። የተመቱትን ወፎች የሚቆጥረው ቁጥር ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት መብለጥ ስለማይችል ወደ ዜሮ እየተመለሰ ማሽኑን ያደናግረዋል። ይህቺን ለማግኘት አንድ ክረምት ፈጀባት። መቁጠሪያውን አሰፋችለት። እየዘለሉ ይሄዱ የነበሩትን ወፎች እንዲንሳፈፉ አደረገቻቸው፤ ለተኩሱም ድምፅ ሰጠችው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስድስተኛው ደረጃ ተከፈተ። ወፎቹ ነጭ ነበሩ፣ ሰማዩ ሐምራዊ። ያን ሰማይ ያየ ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ነበረች።

ካሴቷ ላይ ቀዳችው። በስልኳም ልትቀዳው አስባ ነበር፤ ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። «ነገ» አለች፤ ወዲያው መብራቱም ጠፋ። ስልኳ ላይ ያለው የሐምሌው ነው፤ አምስተኛው ላይ ቀጥ የሚለው።

ካሴት ጀርባው ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉት፤ እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ይህን ለተማሪዎቿ አስተምራለች። የራሷን ግን አልሰበረችም፤ በየቀኑ እያሻሻለች እላዩ ላይ ትቀዳ ነበርና። ካሴቷን ከአባቷ ቴፕ ውስጥ ያላወጣቻትም ካወጣቻት በኋላ ማሽኑ ለማንበብ ስለሚለግም ነው። ቢሆንም ነግራቸዋለች። ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ ቴፑ ውስጥ ያለችውን ካሴት እንዳይነኩብኝ» ብላ ነግራቸዋለች። «እሺ፣ እኔ ምን ላደርጋት» ብለዋታል።

ደሟ ፈላ። ተነሥታ ወጣች።

መሪጌታ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ እየሞቁ፣ የተማሪያቸውን የሀብቴን ድጓ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የዜማ ምልክቱን ያርማሉ። ሀብቴ የስማዳ ልጅ ነው፤ ከወር በኋላ ድጓ ወደሚመሰከርበት ደብር፣ ወደ ቤተልሔም፣ ወርዶ ለምስክር ይቆማል። እዚያ ደግሞ ቀልድ የለም።

«አባዬ፣ ካሴቴ ላይ የቀዱት እርስዎ ነዎት?»

«የትኛዋ ካሴት?»

«ቴፑ ውስጥ የነበረችው።»

«እሷማ ተበላሽታለች። በባትሪ ድንጋይ ከፍቼ ሰማኋት፤ ጩኸት ብቻ ናት። ለሀብቴ የአስተምሕሮን ድጓ ቀዳሁበት።»

«እንዳይነኩብኝ ነግሬዎት ነበር።»

«አልነገርሽኝም።»

«ትናንት ጠዋት፣ እዚህ በር ላይ። እሺ ብለውኛል።»

«ልጄ፣ አልነገርሽኝም።»

እርር ድብን ያደረጋት ይህ ነው። አጠፋሁ ቢሉ አንድ ነገር ነው። ረሳሁ እንዳይሉ፣ ማን ያምናቸዋል? የዓመቱን ድጓ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያወርዱ ሰው የአንድ ቀን ነገር ይረሳሉ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

«ሀብቴ አንዲት ምልክት ቢስት ፍቀህ ጻፍ ይሉታል» አለች። «የእኔን ሁለት ዓመት ግን እንደ ጉድፍ ጠረጉት። ይህን ማሽን ይዤ የመጣሁ ቀን፣ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ብለው ተርተውብኝ ነበር። ታዲያ አጣቢው ማን ሆነ? እሱስ ይሁን። ድጓ ጉልበትዎ ላይ ዘርግተው ይዋሻሉ?»

መሪጌታ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡት። እሷም መልስ አልጠበቀችም።

ቤት ገብታ የሐምሌውን ጌም ከስልኳ አወጣች። ካሴቷ የእሷ ናት፤ እላይዋ ላይ ትቀዳባታለች፣ ሀብቴም ሌላ ይፈልግ። አባትን እንዲህ መቅጣት ነውር መሆኑን ታውቀዋለች፤ ግድም አልሰጣት። ብቻ መጀመሪያ ካሴቷን እስከ ጫፍ መስማት ነበረባት፤ ምናልባት ከሥራዋ የተረፈ ነገር ካለ ብላ። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

የአባቷ ድምፅ ለረጅም ጊዜ እንደ ልማዱ ወረደ። ድንገት ቆመ።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ፤ ከላይ ጀምረው መጡ። እዚያችው ላይ ደርሰው ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ፤ አሁንም ቆሙ። ከዚያ የሀብቴ ድምፅ በቀስታ፣ እያፈረ፣ የጎደለችውን ቃል አቀበላቸው። ተማሪ ለመምህሩ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። «እንዲህ ያደርገኛል ሀብቴ። የትናንት ነገር ዛሬ የለም። ሰው የነገረኝን አላገኘውም። ይሁን፣ ድጓው ይቀርልኛል ብዬ ነበር፤ ይኸው እሱንም ጀመረው። ሳይጨርሰው ቶሎ ያዘው።»

«የኔታ፣ ለትርሲት ቢነግሯት ምናለበት?»

«እነግራታለሁ። ደግሞ እሱንም እረሳዋለሁ።»

ዜማው ቀጠለ፤ አለቀም። ከእሱ ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ፤ የሥራዋ ጭራ፣ ያለ መጀመሪያው ምንም የማይረባ ጭራ። እሱም አለቀ።

የትርሲት ቁጣ አልበረደም፤ ማረፊያ ነው ያጣው። ምሥጢሩን ይዞ በየቀኑ ሰላም በሚላት በሀብቴ ተናደደች። ከልጃቸው በፊት ለተማሪያቸው በነገሩት አባቷ ተናደደች። አንድ ቤት እያደረች የአንድ ቁጥርን ስሕተት ስትፈልግ ክረምቱን ጨርሳ፣ የአባቷን መርሳት ባላየች በራሷማ ከሁሉም በላይ። ደግሞ ስድስተኛው ደረጃ ጠፍቷል፤ እሱም ያው አንጀቷን ያቃጥላታል፤ አንዱ ሐዘን ሌላውን አይሽረውም።

ብሎን መፍቻዋን አነሣች። የካሴቷን የፕላስቲክ ምላሶች ሁለቱንም ሰበረቻቸው። ከእንግዲህ እላይዋ ላይ ማንም አይቀዳባትም፤ እሷም ጭምር።

ካሴቷን ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። የምትለውን በሆዷ ደርድራለች። መሪጌታ ጥላው ደርሶባቸው ወንበራቸውን ወደ ፀሐዩ ይስባሉ። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ነይ ልጄ። መብራቱ መጣ?»

«መጣ፣ አባዬ።»

«እሰይ። እንግዲህ ሥራሽን ቀጥይ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያቺን ካሴትሽን እንዳይነኩብኝ ብለሽኝ አልነበር? አልነካኋትም።»

ካሴቷ እጇ ውስጥ ነበረች። የደረደረችውን ይቅርታ ሁሉ የሚቀበላት የለም።

«አዎ አባዬ» አለች ትርሲት። «አልነኳትም።»

ያን ቀን በዚያ ቤት የተነገረው ውሸት እሱ አንድ ብቻ ነበር።