በክር የታሰሩ ሽቦዎች

«ተይ ልጄ፣ በሆድሽ አትያዢው። አልቅሺና ይውጣልሽ።»

እትዬ ፀሐይወርቅ ይህን ሲሉ አራተኛ ጊዜያቸው ነው። ሲሉም የኤልፍነሽን ትከሻ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የተደፈነ ጠርሙስ እንደሚነቀንቅ ሰው ወዝወዝ ያደርጓታል። ኤልፍነሽ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ጥቁሩን ቀሚስ ያዋሷት እሳቸው ስለሆኑ ትከሻው ሰፍቷታል። ዐይኗ ደረቅ ነው።

ባሏን ክፍሉን ቀብረው የተመለሱት ያን ዕለት ጠዋት ነበር። እሑድ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ። ሰኞ ሐኪም ቤት ገባ። ማክሰኞ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሏትና አለቀ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ሃያ ሰው ይዛለች። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰባ ሰባት ነው፤ በሎስ አንጀለስ ያለው ሐበሻ ገና እርስ በርሱ በስም የሚተዋወቅበት ዘመን። አብዛኛው ተማሪ ነው፤ ከክፍል ወጥቶ፣ ከሥራ አምልጦ የመጣ። ሶፋውን ግድግዳ ላይ በቁሙ አስደግፈውታል። ወንዶቹ ከመስኮቱ አልራቁም፤ አንድ ዐይናቸው ሐዘንተኛዋ ላይ፣ አንድ ዐይናቸው መንገድ ላይ ያቆሟት መኪናቸው ላይ ነው።

«ሶ፣ እዚህ እስከ ስንት ሰዓት ነው ፓርክ የሚደረገው?»

«እስከ አራት። ከዚያ ቶው አድርገው ጎትተው ይወስዱብሃል።»

«ለቅሶ ላይ ነን ብንላቸውስ?»

«ለማን? ለትራፊኩ? ‹እግዜር ያጥናችሁ› ብሎ ቲኬቱን ይሰጥሃል።»

ሳቅ በአፍንጫ ታፈነ። እትዬ ፀሐይወርቅ ዞር ብለው ሲያዩአቸው ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ከወጥ ቤት በኩል ደግሞ የሴቶች ሹክሹክታ ይመጣል። የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው።

«አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ!»

«ደንግጣ ይሆናላ።»

«እኔ እንጃ። አምስት ዓመት ሙሉ ሲጣሉም አልሰማን፣ ሲሳሳቁም አላየን።»

ኤልፍነሽ ሰማች። አልተቆጣችም፤ እውነት ነውና። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር። መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ አፏን ከፍታለች። ነገር ግን እንባው ከመምጣቱ በፊት ያ የቆየ ጥያቄ መጣና መንገዱን ዘጋው። ሊመልስላት የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አፈር እየለበሰ ነበር።

ጥያቄው የተጀመረው በሰባ ሁለት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ቀለበቱን አዲስ አበባ ላይ ያሰረላት የክፍሉ ታላቅ ወንድም ነበር፤ በውክልና። ክፍሉ ሎስ አንጀለስ ሆኖ የነበረው ፎቶዋ ብቻ ነው፤ ያውም ከሦስት ዓመት በፊት በተማሪ ቤት ዩኒፎርም፣ ሹሩባ ተሠርታ የተነሣችው ጥቁርና ነጭ። አሁን ፀጉሯን አጎፍራለች፤ ፊቷም ሞላ ብሏል። እንዳይሳሳት ብላ ጻፈችለት፤ «ቀይ ካፖርት እለብሳለሁ። በእሱ ለየኝ።» ካፖርቱን እናቷ ፒያሳ ሦስት ቀን ዞረው ነው ያገኙላት።

ከፍተሻ ወጥታ አንድ ምሶሶ ሥር ቆመች። እሷ ወዲያው ለየችው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ይዞ ሰው ለሰው እየተሽሎከለከ ይመጣል። አያት። ደህና አድርጎ አያት። ዐይኑ ፊቷ ላይ የቆየበትን ጊዜ ኋላ በልቧ ስትለካው «አቡነ ዘበሰማያት» እኩሌታው ድረስ ይደገምበት ነበር። እሷም እናቷ እንዳስተማሯት፣ ሙሽራ ባሏን ፊት ለፊት አታፈጥበትምና አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል አልፏታል። አበባውን ለሌላ ሴት ዘርግቷል፤ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የፈሰሰ፣ ጥርሷ የሚያምር ሴት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። እሱም ተመለሰ።

«ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ» አላት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር የተናገረው ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ደፍራ ጠይቃዋለች።

«ያን ቀን አይተኸኝ ነበር፣ አይደል?»

«አይቼሽ ነበር።»

«ታዲያ?»

ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወደሚሠራበት ጋራዥ ወረደ።

ቀሪውን እሷው ራሷ ጨረሰችው። አየኝ፤ ከኔ የምትሻል ቆማለች ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ሳትሆን ቀረች፤ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ብትመላለስ ልብ ሳይል ሲቀር፣ «አዎ፣ ያችኛዋ ብትሆን ያይ ነበር» ትላለች። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ብርቱካን ልጦ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ አንሥቶ ይሰጣታል። በክረምት ጠዋት ቀድሟት ወርዶ መኪናዋን ያሞቅላታል። እሷ ይህን ሁሉ ደግነት እንደ ካሣ ቆጠረችው። ካሣ የሚከፍል ሰው ደግሞ የበደለ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ኤልፍነሽ አንሶላ ላጥብ ብላ ወጣች። ሐዘንተኛ ሣልስቱ ሳይወጣ ደጅ አይወጣም፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ግን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አንሶላውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ በጓሮ በኩል ወደ ጋራዡ ሄደች።

ክፍሉና ጓደኛው ለገሠ ያን ጋራዥ ተከራይተው ለአሮጌ መኪናዎች መብራት ይገጥሙ ነበር። በሠላሳዎቹ የተሠሩ መኪናዎች ፍሬቻ የላቸውም፤ ነጂው ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ክንዱን በመስኮት ይዘረጋል። በሎስ አንጀለስ መንገድ ግን ክንድ አይቶ የሚቆም ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ክፍሉ ዘንድ ይመጣሉ። እሱ መሪው ሥር ማብሪያ ያስራል፤ ከፊትና ከኋላ አምፖል ይተክላል፤ ሽቦውን በምንጣፉ ሥር አሹልኮ ይደብቀዋል። ሲጨርስ ፍሬቻው ከመኪናዋ ጋር የተወለደ ይመስላል።

ጋራዡ ውስጥ አንዲት ጥቁር የሠላሳ ዘጠኝ ፕሊማውዝ ቆማለች። በተከፈተው በር ሁለት እግሮች ወጥተዋል፤ የለገሠ ናቸው። በጀርባው ተኝቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ይታገላል።

«ዛሬም ትሠራለህ?» አለችው።

ለገሠ ደንግጦ ራሱን ከመሪው ጋር አጋጨ። «ኤልፉ! አንቺ ምን ልትሠሪ ወረድሽ? እትዬ ፀሐይወርቅ ቢያዩሽ እኔን ነው የሚገሉኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሽማግሌው የሚስተር ሮዘን መኪና ነች። የግራ ትከሻው ስለታመመ ክንዱን መዘርጋት አይችልም። ሚስቱ ወደተኛችበት የአረጋውያን ቤት በየቀኑ ድራይቭ ያደርጋል። ክፍሉ ጀምሯት ነበር። እኔ ካልቀጠልኳት…»

አልጨረሰውም። ኤልፍነሽ ጎንበስ ብላ አየች። ከዳሽቦርዱ ሥር ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ነጭ ክር ተቋጥሮበታል። ክሩን አወቀችው። የልብስ ስፌት ክሯ ነው፤ ማን ወሰደብኝ እያለች ስንቴ ቤቱን አናውጣለች።

«ክሬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ምልክት ነው። አንድ ቋጠሮ የግራ ፍሬቻ፣ ሁለት የቀኝ፣ ሦስት የፍሬን።»

«ሽቦው ራሱ ቀለም አለው አይደል እንዴ? ይኸው ቀይ፣ ይኸው አረንጓዴ፣ ይኸው ቡኒ። በምልክት ላይ ምልክት ለምን?»

«ፕሊስ ኤልፉ፣ ተይው።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«አደራ አለብኝ።»

«አደራ የሰጠህ ሰው ትናንት ተቀበረ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ለገሠ ተነሥቶ ተቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን መልሶ ጠረገ።

«ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር» አለ።

«ማን?»

«ክፍሉ። ከተፈጠረ ጀምሮ። ለሱ ሁለቱም የደረቀ ቅጠል ዓይነት ናቸው። አገር ቤት አውሮፕላን አብራሪ ሊሆን ተመርጦ ነበር፤ ሐኪሙ ነጠብጣብ ያለበት መጽሐፍ ገለጠለት። ሌሎቹ ቁጥር አዩ፣ እሱ ነጠብጣብ አየ። በዚያው ቀን መለሱት። የሰፈር ልጆች ቅጠልና በርበሬ እያሳዩ ‹ይኼ ምን ቀለም ነው?› እያሉ ዕቃ ዕቃ ተጫወቱበት። ከዚያ ወዲህ ለሰው ላይናገር ማለ። እኔም ያወቅሁት አብረን ስንሠራ ነው። የመብራቱን መስታወት የምመርጥለት እኔ ነበርኩ።»

«የትራፊክ መብራትስ?»

«የላይኛው ሲበራ ይቆማል፣ የታችኛው ሲበራ ይሄዳል።»

ኤልፍነሽ በመኪናዋ መርገጫ ላይ ተቀመጠች።

«ካፖርቴ» አለች።

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ለገሠ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ቀዩን አሳየኝ ብሎ ይዞኝ ሄዶ ነበር። እሱን በር ላይ አውርጄው፣ ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ዞርኩ፣ ዞርኩ። ስደርስ አበባው ተዘርግቶ ነበር። ኋላ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ?»

ቀና ብላ አየችው።

«‹ምሶሶው ሥር የቆመችውን ሳይ ልቤ እሷ ናት አለኝ› አለኝ። ‹ፈዝዤ ቀረሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፋች። የምትጠብቀው ሌላ ሰው ነው አልኩ። ወዲያ ደግሞ አንዷ እጇን አነሣች። ካፖርታቸው ለኔ አንድ ነው፤ እጅ ወዳነሣችው ሄድኩ› አለኝ። ሴትየዋ እጇን ያነሣችው ከኋላው ለነበረ ሰው ነው።»

«አንገቴን ደፋሁ» አለች ኤልፍነሽ፤ ቃሉን እንደ ባዕድ ቃል ቀስ አድርጋ። «ነውር ነዋ። ሙሽራ ነበርኩ። ታዲያ… ለምን አልነገረኝም?»

«ስንቴ ሊነግርሽ ተነሥቷል መሰለሽ! ‹ቀለም ሳይለይ መብራት ይሠራል› ብለሽ እንዳትስቂበት ፈራ። በኋላ ደግሞ ዘገየ። የዘገየ ነገር ከየት ይጀመራል?»

«ስቄበት አላውቅም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «አብሬውም ስቄ አላውቅም።»

ያን ጊዜም አላለቀሰችም። አንሶላውን ከደረጃው አንሥታ፣ ሳታጥበው፣ ወደ ላይ ወጣች።

በሣልስቱ ቀን ረፋዱ ላይ ሚስተር ሮዘን መጣ። የዳቦ ከረጢት ታቅፏል። በሩ ላይ ቆሞ ሰዎቹን አየ፤ ፍራሹን አየ፤ ወንበር ሲቀርብለት በእጁ መለሰና፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ኤልፍነሽ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ኧረ ሽማግሌው! ተነሡ በሉት እንጂ!» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

«በእኛ በአይሁዶችም ዘንድ ሐዘንተኛ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው» አለ፤ ለገሠ ተረጎመላቸው። የመኪናውን ነገር አላነሣም። የግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ደግፎ ተቀመጠ።

ኤልፍነሽ ያንን ትከሻ አይታ ብድግ አለች።

«ለገሠ፣ መኪናዋ አለቀች?»

«ትናንት ማታ አገናኝቻታለሁ። አልሞከርኳትም። ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ አያለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» እትዬ ፀሐይወርቅ ተነሡ። «ሰው ለሣልስት እየመጣ፣ ሐዘንተኛ ጋራዥ ልትወርድ? ሰው ምን ይላል?»

«እትዬ፣ ይበሉ። እስካሁንም እያሉ ነው።»

አሮጊቷ ፊቷን መረመሩ። ምን እንዳገኙ እንጃ፣ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ አስተካከሉላትና፣ «ቶሎ ተመለሽ በቃ» አሉ።

ለገሠ ፕሊማውዟን በኋላዋ ወደ ጓሮው አወጣት። ቀትር ሊሆን ነው፤ ፀሐይዋ በሲሚንቶው ላይ ነጭ ሆና ተኝታለች። ሚስተር ሮዘን መሪውን ያዘ። ለገሠ በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ ማብሪያውን አሳየው። ኤልፍነሽ ከኋላ ቆመች።

«ግራ!» አለ ለገሠ።

ከመኪናዋ ሆድ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«በራ ወይ?»

«እንጃ። ፀሐዩ አያሳይም።»

ቀረብ አለች። መስታወቱ ላይ ያለው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው። በመዳፏ ልትከልለው ሞከረች፤ አልበቃም። ስለዚህ ተንበረከከች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በራሷና በመብራቱ ላይ አንድ ላይ ጣለችው፤ ጫፎቹንም በሁለት እጇ ይዛ ከበበችው።

ለገሠ ጠበቀ። ከላይ በመስኮቱ በኩል እትዬ ፀሐይወርቅና ሁለት ሴቶች ወደ ታች ያያሉ። የሚታያቸው ከአሮጌ መኪና ኋላ የተንበረከከ ጥቁር ጨርቅ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ነበር። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ኤልፉ? በራ?»

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ኤልፉ?» ለገሠ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

«በርቷል» አለች ከነጠላው ሥር፣ በተሰበረ ድምፅ። «እንዳታጠፋው።»