የሩቢና ሙቀጫ

መዛላን ያንጨረጨራት የወደቡ መጋዘን ጸሐፊ ነው። ከትሪፖሊ ወደ አዲሱ የአይሁድ አገር በመርከብ የመጣው የዕቃ ሳጥኗ እዚያ ከተቆለፈበት አምስት ወሩ። በዓረብኛ ስታስረዳው ጎረምሳው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ በሳጥኑ ያለውን አንድ በአንድ በዕብራይስጥ አስጽፋ እንድታመጣ፣ እያንዳንዱ ሲወጣም ስሙን በዕብራይስጥ ራሷ እንድትጠራ ነገራት። ያልተጻፈ የሷ አይደለም፤ እስከ ፋሲካ ያልተወሰደም ለሌላ ይታደላል። የሰውን ዕቃ ይዞ ስሙን ማስጠናት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ሌላው ቢቀርም አይቆጫትም ነበር። የእናቷ የሩቢና የነሐስ ሙቀጫ ግን እዚያ ውስጥ ነው። ትሪፖሊ እያሉ አርብ ጠዋት ቅመም ሲወቀጥ፣ የሙቀጫውን ድምፅ ሰምቶ የማን ቤት እንደሆነ የማይለይ ጎረቤት አልነበረም። ሩቢና ሞታ እንኳ ድምፁ ከመዛላ ቤት ይሰማ ነበር።

ስለዚህ አዲስ መጤዎቹ በሚኖሩበት የድንኳን ሰፈር የዕብራይስጥ ትምህርት ገባች። አስተማሪዋ ዝቪያ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ማንኪያ አንስታ ስሙን ከጠራች በኋላ እንዴት እንደሚበላበትም አሳየቻቸው። የመዛላ ደም ፈላ። ትሪፖሊ ቤቷ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ የብር ማንኪያ ነበራት። ቀጥሎ ዝናቡ በድንኳኑ እየገባ የማቀዝቀዣና የመጋረጃ ስም ተማሩ። መዛላ በባዶ እጇ እየወቀጠች ሙቀጫ ምን እንደሚባል ብትጠይቅ፣ ዝቪያ ሳቀች።

"እሱን ተይው። እዚህ ቅመም የተፈጨ ነው የሚገዛው።"

መዛላ በንዴት እያለቀሰች ድንኳናቸው ገባች። ባሏ ኽሊፎ፣ ቅዱስ መጽሐፍ በዕብራይስጥ ሲያነብ የኖረ ሰው፣ መጽሐፉን ገልጦ "ዕቃችን ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ እኮ" አላት። ድስቱን ከቤተ መቅደሱ ዕቃ፣ መቅረዙን ከሙሴ ድንኳን እየፈለገ ጻፈላት። ሙቀጫውንም አገኘው፤ ማኽቴሽ። ውሃ ስትቀዳም ልብስ ስታሰጣም እየደጋገመች ሸመደደችው።

ወደ መጋዘኑ ስትመለስ ጸሐፊው ዝርዝሩን አንብቦ፣ ቤተ መቅደሱን ተሸክመሽ ነው እንዴ የመጣሽው ብሎ ተሳለቀባት። ሳጥኑ ተከፈተ። ድስቱ ወጣ፣ መቅረዙ ወጣ፣ ዘነዘናውም ወጣ፤ እሷም ስማቸውን ጠራች። ሙቀጫው የለም። ዞር ስትል ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አየችው፤ እስከ አፉ የሲጋራ ቁራጭ ሞልቶበታል።

"ማኽቴሽ" አለች።

"እሱ የቢሮው መተርኮሻ ነው፣ እናቴ። መዝገቡም መተርኮሻ ነው የሚለው። አንቺ ደግሞ መተርኮሻ ብለሽ አላስጻፍሽም።"

መዛላ ሙቀጫውን አንስታ አመዱን መዝገቡ ላይ ገለበጠችው። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና በዘነዘናው ሦስት ጊዜ መታችው። መጋዘኑ አስተጋባ።

ዕቃቸውን ለመውሰድ ከተሰለፉት መጨረሻ አንዲት አሮጊት በዓረብኛ "ይሄ የሩቢና ሙቀጫ አይደለም እንዴ?" አለች።

 መዛላ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ለጸሐፊው "እኔ ያልከውን ሁሉ ተማርኩ" አለችው። "አሁን ተራው ያንተ ነው። ስሙን ጥራ።"

ጸሐፊው ሰልፉን አየ። የሚስቅለት የለም። "ማኽቴሽ" አለ በከንፈሩ።

"ጮክ በል" አለችው። "እዚያ ጋ ያሉት እናት አልሰሙህም።"