ዳናዊት የተፋችው ወይን

ቪዲዮው ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። አልታየሽ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ስንቴ እንዳየችው እግዜር ይወቅ፤ ስልኩ ራሱ ሳይሰለቸው አይቀርም።

ልጇ ዳናዊት እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል ተወልዳ ያደገች፣ የምግብ ንግድ የምታጠና ልጅ ናት። የዘንድሮው ትምህርቷ ፈረንሳይ አገር ስለሆነ ከመስከረም ጀምራ እዚያው ናት። ሰኞ ዕለት አስተማሪያቸው የአካባቢውን ምግብና ወይን እንዲያውቁ ብሎ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ይዟቸው ወጣ። ቪዲዮውን የለጠፈችው አንዷ ተማሪ ስትሆን ለአልታየሽ የላከችላት ደግሞ የማኅበር ጓደኛዋ ውብነሽ ናት። ከሥሩ «እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ዝም ልበል?» ብላ ጽፋበታለች። ውብነሽ ስትወጋ በመርፌ ነው።

ቪዲዮው ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ፎርማጆ በያይነቱ፣ ቀይ ወይን፣ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት የበሰለ ቀንድ አውጣ፤ ሰው እኮ የማይበላው የለም! ሁሉም ይበላል። ዳናዊት ብቻ ሳህኗን ገፋ ታደርጋለች። ወይኑን ጎንጨት ትልና ጎንበስ ብላ ባልዲ ውስጥ ትተፋዋለች። ቀና ስትል ፊቷ ከስቷል፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

አልታየሽ የምታየውን ታውቃለች። እሷም ዳናዊትን ያረገዘች ጊዜ ቅቤ በሩቁ ከሸተታት አለቀላት ነበር። ደግሞስ ይህቺ ልጅ ፎርማጆ ገፍታ ታውቃለች? በልጅነቷ በሁዳዴ ጾም መታጠቢያ ቤት ተደብቃ ስትበላ ስንቴ ተይዛለች! ሰሞኑን በስልክም «ታይርድ ነኝ እማ» ብላ ቶሎ ትዘጋለች። ነገሩ ሲገጣጠም አልታየሽ ፈራች፤ ከፍርሃቷም ቁጣዋ በለጠ። እውነት ከሆነ ፈረንሳይ የሚባል ነገር የለም፣ ትምህርቱም ባፍንጫዬ ይውጣ ብላ ቆረጠች።

ዳናዊት ለሁለት ቀን ልትጠይቃት ዓርብ ስትመጣ እናት ወጥመዷን አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ያረገዘች ሴት የሚቁላላ ሽንኩርት አትችልም። መስኮቱን ሁሉ ዘጋችና አንድ ድስት ሙሉ ሽንኩርት ታቁላላ ጀመር። ኮሪደሩ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጩኸቱን ለቀቀው። ዳናዊት ሻንጣዋን እንደያዘች ገብታ፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ በፎጣ እያራገበች ዝም አሰኘችው።

«እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ሽታው ደስ ሲል!»

አላቅለሸለሻትም። አልታየሽ እፎይ ማለት ሲገባት ጭራሽ ተናደደች።

«ነይ ቅመሺልኝ» አለቻት።

«አሁን አልችልም፣ በኋላ።»

ይኸው! አልታየሽ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ዳናዊት፣ ስንት ወርሽ ነው?»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ቪዲዮውን ስታሳያት ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እማ፣ ሲሪየስሊ! ወይን ሲቀመስ እኮ ሁሉም ሰው ይተፋል። ካልቀመስኩ ማርክ አላገኝም፤ ከዋጥኩት ደግሞ ጾሜን እሽራለሁ።»

«የምን ጾም?»

«ሁዳዴ ነዋ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። ሆዴን የያዝኩት ርቦኝ ነው።»

«አንቺ? ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ጿሚ የሆንሽው?»

ዳናዊት ሳቋን አቆመች። ተነሥታ ፍሪጁን ከፈተችና ከጎመኑ ድስት ኋላ እጇን ሰደደች። አንድ እርጎና ሦስት የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አልታየሽ የምትገባበት ጠፋት።

«ለገና ስመጣ የሐኪምሽን ደብዳቤም፣ ከጎመኑ ኋላ የምትደብቂውንም አየሁ» አለች ዳናዊት ቀስ ብላ። «ስኳርሽ ሃይ ሆኗል፣ ከእንግዲህ መጾም የለብሽም ይላል። እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። አንቺ ግን በደወልኩ ቁጥር ‹ገና እህል አልቀመስኩም› ትይኛለሽ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። የንስሐ አባቷ እንኳ ፈቅደውላት ሳለ፣ አልታየሽ ግን ውብነሽና የማኅበሩ ሴቶች ገደፈች እንዳይሏት ከጎመን ኋላ ስትደብቅ ከርማለች። ሦስት ቀን ሙሉ የልጇን ሆድ ስትመረምር የራሷን ረስታዋለች። አፈረች፤ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

«ታዲያ አንቺን ምን አስጾመሽ?» አለች።

«ጾሙን እንደምትወጂው አውቃለሁ። አንቺ ካልቻልሽ ያንቺን እኔ ልጹምልሽ ብዬ ነው።»

ዳናዊት ማንኪያ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠችላት።

«መድኃኒትሽ ከምግብ ጋር ነው አይደል? በይ ብዪ።»

ሰዓቱ ሰባት ነበር። አልታየሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በልጇ ፊት፣ እያለቀሰች ገደፈች። ዳናዊት ሆዷን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እርጎው እስኪያልቅ ጠበቀቻት።