ከጎመኑ ሥር

«ይሄ ለማን ነው?» አለች አክስቱ ቦሼ።

የለቅሶው ድንኳን ሹክሹክታ ቆመ። ፍሬዘር አክስቱ ወደምታይበት ዞረ። ከታላቅ ወንድሙ ከክብረት ፎቶ ፊት፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሳህን ተቀምጧል፤ ቆጮ፣ በላዩ የተከተፈ ጎመን፣ ከጎኑ ማንኪያና አንድ ብርጭቆ ውኃ። ያስቀመጠችው ዊላይ ናት፤ አስከሬኑን ይዛ ከስዊድን የመጣችው ታይላንዳዊት። አስቀምጣ የሳህኑን ጠርዝ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፣ በቋንቋዋ አንድ አጭር ነገር ተናገረች፣ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለችና በእንግዶቹ መካከል ወዳለው የፕላስቲክ ወንበሯ ተመለሰች።

ፍሬዘር ያለችውን ሰምቷል። «ና፣ ብላ» ነው ያለችው። ስዊድን ሳለ፣ ከጓደኞቿ አንዷ የሞተች ጊዜ፣ የታይላንድ ሴቶች በየምግቡ ሰዓት እንዲህ ሲያደርጉ አይቷል። ሟች በመንገዱ እንዳይራብ ነው።

ጋሽ ወልደመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። አያቶቻቸው ለሙታን መንፈስ እህልና ቅቤ ያቀርቡ እንደነበር፣ ያም በወንጌል እንደተሻረ ለወጣቶች የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሳህኑን አዩ፤ ቀጥሎ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችውን የሟቹን እናት፣ አስናቀችን።

«ለእኔ ነው» አለ ፍሬዘር። «ጠዋት ስላልበላሁ አስባልኝ ነው።»

እንግዲህ ያለውን እውነት ለማድረግ መብላት ነበረበት። ተነሥቶ ሳህኑን አነሣና ቆሞ፣ በወንድሙ ማንኪያ፣ ከጎመኑ ዛቀ።

ዳጣው ከሥር ነበር። እንደ ተፈጨ የቀረበ የቃሪያ ድልህ፣ ቀይ፣ ከጎመኑ ሥር ተደብቆ። ምላሱን፣ ጉሮሮውን፣ ጆሮውን ሳይቀር አቃጠለው። ዓይኖቹ ሞሉ፤ ከዚያም ፈሰሱ። አስከሬኑ ቦሌ ሲደርስ ያላለቀሰ፣ አፈር ሲመለስበትም ያላለቀሰ ሰው፣ አሁን በሕዝብ ፊት ጉንጩ ራሰ።

«ተዉት፣ ይውጣለት» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል።

«ወንድም አይደል» አለች አንዲት ጎረቤት ትከሻውን እየደገፈች። «አልቅስ የኔ ልጅ። ታምቆ ሊገድልህ ነበር እኮ።»

ፍሬዘር እስከ መጨረሻው በላ። ዊላይ ከወንበሯ ሆና ታየዋለች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር። ባዶውን ሳህን ይዞ በእናቱ አጠገብ ሲያልፍ እናቱ ቀና ሳትል፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጢሱ ነው?» አለችው።

ፍሬዘር ሳህኑን ይዞ ወጣ።

ክብረት ልጅ ሳለ ሆዱን ስለሚያመው አባታቸው ዳጣ ይከለክሉት ነበር። እናታቸው ከጎመኑ ሥር ትደብቅለታለች። እሱም እንባው እየወረደ «ጢሱ ነው» ይላል፤ አባታቸው ደግሞ ማገዶው ረጥቧል ብለው ይቆጣሉ። አባትየው ሳያውቁት ሞቱ። ይህን ነገር የሚያውቁት እናትየውና ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ። በኋላ ዊላይ አወቀች።

ዊላይና ክብረት የተገናኙት በስዊድን አንድ መናፈሻ ውስጥ ነው። በበጋ የታይላንድ ሴቶች ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ያገራቸውን ምግብ እያበሰሉ ይሸጣሉ። ዊላይ በሸክላ ሙቀጫ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች፤ ጥሬ ፓፓያ ሲወደድባት በካሮት ትተካዋለች። ክብረት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሥራ ወጥቶ የዚያን ቀን ቀመሰ፣ አነባ፣ ጨምሪልኝ አለ። «ያገሬን ዳጣ ቀይጠሽ ሰጠሽኝ» ብሏት እንደነበር ዊላይ እየሳቀች ትናገራለች። በማግስቱም ተመልሶ መጣ።

ፍሬዘር ለትምህርት በሄደ ጊዜ ያረፈው እነሱ ቤት ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። በአንዱ ግድግዳ የክብረት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ በሌላው ትንሽ መደርደሪያ ላይ የዊላይ ቡድሃ፤ ከፊቱ ለመባ የቀረበ ቀይ ፋንታ ከነመምጠጫው። ሩዙ የሚጣበቅ ነው፤ በሰፌድ መሳይ ቅርጫት ቀርቦ በእጅ ይበላል። «በዚህ አገር በእጅ የሚበላ ቤት አገኘሁልህ» ይል ነበር ክብረት። ፍሬዘር ጉንፋን ሲጥለው ዊላይ ዝንጅብል ያለበት የሩዝ ሾርባ አልጋው ድረስ ታመጣለታለች። ካልሲውን ሳይቀር አጥባለታለች።

አንድ ቀን የትውልድ ከተማው የሶዶ ልጆች ሊጠይቁት መጡ። በሩን የከፈተችው ዊላይ ናት። «አከራያችን ናት» አላቸው ፍሬዘር። በወላይትኛ ነው ያለው፤ እሷ ሻይ እየቀዳች ፈገግ አለችላቸው።

ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ክብረት ትከሻውን ይዞ፣ «ሽማግሌዬ አንተ ነህ» አለው። «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። እማ ፊት ቁጭ ብለህ ንገርልኝ።» ፍሬዘር ሶዶ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ቀጠረው። እናቱ «ወንድምህ ብቻውን ነው የሚኖረው?» ስትለው «ብቻውን» አላት። የቡድሃው ነገር አስፈርቶት ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የመምህራን ክበብ ውስጥ፣ ሳሚ የሚባል ባልደረባው ስለ ታይላንድ ሴቶች አንድ ነገር ቀልዶ ጠረጴዛው በሙሉ ስቆ ነበር። ፍሬዘርም ስቋል። ከዚያ ወዲህ ስሟን ባሰበ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማዋል።

ክብረት ግን በየሳምንቱ ይደውላል። «ነገርካት?» ይለዋል። ጥያቄው ሲበዛበት ፍሬዘር አንድ እሑድ፣ «ነግሬያታለሁ። መርቃችኋለች» አለው። ክብረት ስልኩን ጥሎ ዊላይን ሲጠራ፣ ሁለቱም ሲስቁ ተሰማው።

ክብረት ከሥራ መልስ ደረጃ ላይ ወድቆ ልቡ ቆመ። ዊላይም የተመረቀች ምራት ሆና መጣች፤ ፍሬዘርም ለዘመድ አዝማዱ «የሥራ ባልደረባው ናት» ብሎ አስተዋወቃት። ከእሱ በቀር ከእሷ ጋር የሚነጋገር ሰው በቤቱ አልነበረም።

ዳጣውን በበላበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ሳህኖቹን ስታጥብ አገኛት። ከዳሞታ ተራራ የወረደ ደመና ቆርቆሮውን ሊነካ ደርሷል።

«ርቦህ ነበር?» አለችው በስዊድንኛ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» ሳህኑን አለቀለቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ አገር ሚስት የምትቀመጠው ከእንግዶች ጋር ነው?»

«አዎ» አለ። «እንደዚያ ነው።»

«እሺ። እንዳላጠፋ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ድንኳኑ የሚፈርስበት ቀን ነበር። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን መጥተዋል፤ ሳሚ ከፊት ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ንፍሮው ዞረ። አክስቱ ቦሼ ከቦዲቲ ናት፤ ለእንግዶቹ ብላ በአማርኛ ታወራለች፣ አማርኛዋ ግን ወንድና ሴት አይለይም።

«ይሄ ቻይና እንባ የለውም እንዴ?» አለች ጎረቤቷን። «እስካሁን አንድ ጠብታ አላየሁበትም።»

«ቻይና አይደለችም አክስቴ» አለ ፍሬዘር።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ታይላንድ ናት። እነሱ እንባ የሟችን መንገድ ይይዛል ብለው ነው የማያለቅሱት።»

«ለባልደረባስ ማን ያለቅሳል» አለች ቦሼ፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች።

ዊላይ ከጓዳ መጣች። በሁለት እጇ ሁለት ሳህን ይዛለች። ሁለቱንም ከፎቶው ፊት አስቀመጠች። የአንደኛውን ጠርዝ ነካ ነካ አድርጋ፣ ያንኑ አጭር ቃል ተናገረች። ሁለተኛውን ወደ ፍሬዘር ገፋ አደረገችለትና ፈገግ አለች፤ ትናንት ርቦት ስለነበር።

«ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆነ» አለች ቦሼ። «ፍሬዘር፣ ሊያፈነዳህ ነው ይሄ ሰውዬ?»

ጥቂቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«አንዱ ነው የእኔ» አለ ፍሬዘር።

«ሌላውስ?»

ከመንገዱ አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማ። ፍሬዘር እናቱን አላየም። ፎቶውንም አላየም። የሳሚን ጫማ ነበር የሚያየው።

«የክብረት ነው።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል ለስለስ ብለው፣ «ሙት አይበላም።»

«አይበላም ጋሼ። ግን ሚስቱ ናት። ድሮም የምታቀርብለት እሷ ነበረች።»

ሳሚ ከስልኩ ቀና አለ። ቦሼ ማኘኳን አቆመች።

እናቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሴቶች ተደግፋ ተነሣች። ወደ ጠረጴዛው ሄደች። በፍሬዘር ሳህን ላይ ዳጣው ከላይ፣ በግልጽ ነበር። የክብረትን ጎመን በማንኪያው ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ቀላ። መልሳ ሸፈነችው።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ወደ ፍራሹ ተመልሳ «ቦሼ፣ ጠጋ በይ» አለች። ቦሼ ጠጋ አለች። እናቱ ክፍቱን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች፣ ዊላይን እያየች።

ዊላይ ትርጉም ፍለጋ ወደ ፍሬዘር ዞረች። አፉን ከፈተ፤ ስዊድንኛው ጠፋበት። እሷ ግን ገብቷት ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯ ወደ ማንም እንዳያመለክት ወደ ጎን አጥፋ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ በስዊድንኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች እናቱ።

ፍሬዘር የነጠላውን ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ።

«ምን አለች፣ ፍሬዘር?»

«ስለዚያን ጊዜው ምርቃት…» አለ። «ስለ መረቅሻቸው ታመሰግናለች።»

እናቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ፊቱን መለሰ። ከዚያ እናቱ ቀኝ እጇን አንሥታ ዊላይ ጭንቅላት ላይ አሳረፈችና በወላይትኛ፣ በለሆሳስ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጨረሰች መረቀች። ዊላይ መዳፎቿን ገጥማ ጎንበስ አለች። የዚያን ጊዜ ብቻ፣ ሳትፈልግ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ወልደመስቀል ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። «አስናቀች፣ ይሄ ሳህን እንኳ ይነሣ።»

«ያስቀመጠችው ታንሣው» አለች እናቱ። እሳቸውም ተዉት።

ፍራሹ ላይ ለፍሬዘር ጠጋ ያለለት አልነበረም። ጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። የራሱን ሳህን አልነካውም። ዝንቦች መጥተው የክብረት ጎመን ላይ ማረፍ ጀመሩ። እንግዶቹ ተራ በተራ «ያጽናችሁ» እያሉ ሲነሡ፣ ሰዎቹ የድንኳኑን ገመድ ሲፈቱ፣ ፍሬዘር በነጠላው ጫፍ ዝንቦቹን ከወንድሙ ሳህን ላይ እሽ ይል ነበር።